ከፋሲካ ማግስት ሆድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

55 ቀን በሽሮና በምስር የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ክትፎና ወተት ይወርድበታል። ከዚያ «ሆዴን ምን ነካኝ?» ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ የሚያማችሁ የት ጋ ነው? የጀመራችሁስ ከበላችሁ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው? ምግብ በየደረሰበት የሚጠብቀው ሥራ የተለያየ ነው፤ ሕመሙም እንደዚያው።

ይከብዳል፣ ያስገሳል፣ እስከ ማታ አይርብም

ቅባት ነው። የዶሮ ወጥ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ስታጥቡ ቅቤው ጣት ላይ እየተለጠፈ አልለቅ ሲል አስታውሱ። ሆድ ውስጥም ያው ነው። መጀመሪያ ከጉበት የሚመጣው ሐሞት እንደ ሳሙና ይበታትነዋል፣ ከዚያ የቆሽት ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀጭኑ አንጀት ቅባት ሲደርሰው ጨጓራ ቀስ እያለ እንዲለቅ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ ትንሽ ብሉ፤ አኝካችሁም ዋጡ። ቅባት በበላችሁ ቁጥር ከቀኝ ጎድን ሥር ለሰዓታት የሚቆይ ሕመም ካለ ግን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።

ደረት ላይ የሚያቃጥል ቃር

ከጨጓራ በላይ ያለው መዝጊያ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጠግቦ ጋደም ማለት ደግሞ ያባብሰዋል። ከበላችሁ በኋላ 3 ሰዓት ያህል አትተኙ።

ማቃጠሉ ከእንብርት በላይ ሆኖ ከሰነበተ «በርበሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ለማሳየት በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ታመመ። ተመርምሮ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት ደም ካለበት ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ወተት ከተጠጣ በኋላ ሆድ ይጮሃል፣ ተቅማጥ ይመጣል

ብዙ ሰው «ጾሙ ሆዴን ወተት አስረሳው» ይላል። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ሁለት ስኳሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው። የቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ካልለያያቸው ወደ ደም አይገባም። ላክቴዝ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳይፈጭ የቀረው ላክቶስ ውሃ እየሳበ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ጋዝ ይሆናል።

ወተት ጨርሶ መተው አያስፈልግም። በእርጎው ውስጥ ባክቴሪያዎቹ የስኳሩን ከፊል ቀድመው ስለበሉት ይቀላል፤ አይብም እንዲሁ። ወተቱን ካማራችሁ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር። ወተት ትታችሁም ተቅማጡ ሳምንታት ከቆየ ጃርዲያ ሊሆን ይችላልና የሰገራ ምርመራ አድርጉ።

ሆድ ሰላም ነው፣ ግን ድካምና መገርጣት አለ

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ሕመም ስለሌለው ይረሳል። መብላት ሌላ፣ ወደ ደም መግባት ሌላ ነው። ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የምናገኘው አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) በቀላሉ አይመጠጥም። ምግቡ ገና ሳይወርድ ቡና ወይም ሻይ ሲከተል፣ ውስጣቸው ያለው ታኒን አይረኑን ይይዘዋል። ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት አዘግዩት። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፤ ቫይታሚን ሲ መመጠጡን ያግዛል። የሊጡ መቡካትም አይረኑን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ድካሙ ካልለቀቀ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች።

ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሰገራ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር

የፋሲካው ጥሬ ሥጋ ኮሶ አምጥቷል ማለት ነው። ትሉ አፍም ሆድም የለውም። አንጀት ውስጥ ተጣብቆ እኛ ፈጭተን ያዘጋጀነውን በቆዳው ይመጥጣል። ሐኪም ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ያዝለታል። የኮሶ አበባ ቀቅሎ መጠጣት የቆየ ልማድ ቢሆንም መጠኑን መለካት ስለማይቻል አልመክረውም። ለሚቀጥለው ዓመት ክትፎውን አብስሉት፤ መሃሉ ድረስ ቀይ እስካይቀር።