ወደ በረዷማ ጨረቃ የሚላክን ሰው አልባ መንኮራኩር በወረቀት ላይ ማቀድ

ደብረ ማርቆስ ላይ የማስተባብረው የተማሪዎች ክበብ ይህን ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ወር የጨረሰው የመንኮራኩሩን ሥዕል በማሳመር ነበር። ለክበብ መምህራን የምመክረው ሥዕሉን አዘግይተው በቅድሚያ አንድ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስጽፉ ነው። «እዚያ ሕይወት ይኖር ይሆን?» ከሚለው ይልቅ «የበረዶው ቅርፊት ውፍረት ምን ያህል ነው?» የሚለው ይሻላል፤ ሁለተኛው በረዶን ዘልቆ የሚያይ ራዳር እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይናገራልና።

ቀጥሎ ጨረቃዋን ይምረጡ። የሳተርን ጨረቃ ኢንሰላደስ 504 ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ከሚሆነው መንገድ የማትበልጥ ትንሽ ዓለም ናት፤ ሆኖም ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች ከበረዶዋ ሥር ያለውን የውቅያኖሷን ውሃ በእንፋሎትና በበረዶ ቅንጣት መልክ ወደ ጠፈር ትረጫለች። ይህንን እ.ኤ.አ. በ2005 ያረጋገጠው፣ ሳተርንን ይዞር የነበረው መንኮራኩር ካሲኒ ኋላ በፍንጣቂው መካከል አልፎ ናሙናውን መርምሯል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ የውሃው ኬሚስትሪ ከሆነ በረዶ መቆፈር አያስፈልግም። ችግሩ የፀሐይ ብርሃን እዚያ ሲደርስ እጅግ መድከሙ ነው፤ ካሲኒም ኃይሉን ያገኘው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነበር።

የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ቅርብ ናት። የፀሐይ ብርሃን በዚያ በምድር ካለው 25 እጅ ቢያንስም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተላከው መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐር ከ30 ሜትር በላይ በሚዘረጉ የፀሐይ ሰሌዳዎች ይሠራል። በዩሮፓ ዕቅድ ላይ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ጨረራው ነው። ጁፒተር በመግነጢሳዊ መስኩ ያጠመዳቸው ቅንጣቶች ኤሌክትሮኒክስን ስለሚያበላሹ፣ ክሊፐር ዩሮፓን እየዞረ አይቆይም፤ ጁፒተርን በሰፊ ምሕዋር እየዞረ 49 ጊዜ ብቻ አጠገቧ ፈጥኖ ያልፋል፤ ስስ ዕቃዎቹም ወፍራም ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ተከተዋል። ተማሪዎች «ለምን እዚያው አይቀመጥም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና ምሕዋሩን በሰሌዳ ላይ ሥለው ያሳዩአቸው።

የመንኮራኩሩን ዕቃዎች ክብደት የምትዘረዝሩበትን ሠንጠረዥ እንደ ስንቅ ይቁጠሩት፤ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ሌላ ነዳጅ ይጠይቃል። ክሊፐር ሲነሣ ከነነዳጁ ወደ 6,000 ኪሎ ግራም ይመዝን ስለነበር፣ ፍጥነቱን በማርስና በምድር ስበት እየጨመረ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲደርስ ታቅዷል። ከጁፒተር የሚላክ የሬዲዮ መልእክት እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ስለሚፈጅበት፣ መንኮራኩሩ ብልሽት ሲገጥመው ሳይጠይቅ ራሱን የሚያድንበት መመሪያ ይጻፍለት።

ፍጻሜውም ከመነሻው ይታቀድ። ካሲኒ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል የምድር ጀርም እንዳይበክላቸው ኢንሰላደስንና ሌላዋን የሳተርን ጨረቃ ታይታንን ሽሽት እ.ኤ.አ. በ2017 ሳተርን ውስጥ ገብቶ ተቃጥሏል፤ ለዚህ መውጫ የሚሆነው ነዳጅ በክብደት ሠንጠረዡ ላይ ለብቻው መስመር ተሰጥቶት ለሌላ እንዳይነካ «የማይነካ» ተብሎ ይጻፍበት።