የችግኝ ክዳን መቼ ይነሳል?

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ጥር ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ስለዚህ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ የማፈላው ቤት ውስጥ፣ ክዳን ሥር ነው።

ለክዳን ብዬ የምገዛው ዕቃ የለም። ግልጽ የኬክ መያዣ ወይም ወገቡ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል። ላስቲክ ከሆነ አፈሩ ላይ እንዳይተኛ በስንጥር ከፍ አድርጉት። የክዳኑ ሥራ የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ዘር ውሃ ጠጥቶ ማቆጥቆጥ ከጀመረ በኋላ ከደረቀ አለቀለት።

አፈሩን ከመዝራታችሁ በፊት አርጥቡት። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው፤ በጣታችሁ መሃል ከወረደ በዝቷል። የመያዣው ሥር ቀዳዳ ይኑረው። ከዚያ ዘርታችሁ ክደኑና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። እኔ ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው የማኖረው፤ እንጀራ የጋገርኩ ቀን ሙቀቱ እስከ ማታ ይቆያል። ቲማቲም ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ቃሪያ ትንሽ ጨመር ያለ ይወዳል። የተከደነውን ግን ፀሐይ ላይ እንዳታወጡ። የቀትር ፀሐይ በግልጽ ክዳን ገብቶ ዘሩን ይቀቅለዋል።

በየጠዋቱ ክዳኑን እዩት። ስስ ጤዛ ካለበት ደህና ነው። እንደ አክንባሎ ላቡ እየተንጠባጠበ ከዋለ ውሃ በዝቷል፤ ጥረጉትና ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍት ይቆይ። ጨርሶ ከደረቀ መያዣውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡና ከሥር ይጠጣ።

አምና የቲማቲሙ ችግኝ ከወጣ በኋላ ብርዱን ፈርቼ ክዳኑን አምስት ቀን ሳላነሳ ቆየሁ። ማታ ቀጥ ብለው የነበሩት ጠዋት ተኝተው አገኘኋቸው። አንዱን በስንጥር ቀና አድርጌ አየሁት። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ግንዱ ግን አፈሩን በነካበት ቦታ ቡናማ ሆኖ እንደ ክር ቀጥኗል። አፈሩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ሻጋታ ነው። እርጥብና የታፈነ ቦታ ይመቸዋል። እንዲህ የወደቀ ችግኝ አይነሳም። ከ40 ችግኝ ስድስት ተረፈልኝ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ፣ የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍቶ ብቅ ያለውን የመጀመሪያውን ችግኝ ስታዩ፣ ክዳኑ ጠርዝ ሥር የክብሪት እንጨት ሸጉጡ። ግማሹ ሲበቅል ቀን ቀን አንሱት፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጨርሶ ይውጣ። ችግኙንም ወዲያው ብርሃን ወዳለበት መስኮት ዳር አምጡት። የዘገየውን ዘር እጠብቃለሁ ብላችሁ የበቀለውን አትፈኑት።

ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ክዳን ሥር አትዝሩ። ቲማቲም በሳምንት ገደማ ይወጣል፤ ቃሪያ ሁለት ሳምንት፣ ሲበርደው ከዚያም በላይ ይፈጃል። አንዱ አየር ሲፈልግ ሌላው ገና ሙቀት ላይ ነው። ሰላጣ ደግሞ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት፤ ብርዱንም ስለሚችል ማዕድ ቤት አታስገቡት።

ክዳኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት፣ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ያምናው ሻጋታ ለዘንድሮው ዘር እንዳይተርፍ።