ባቢሌ ዝሆን ለማየት ስትሄዱ አመድ ቋጥራችሁ ያዙ

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነስታችሁ ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የምትሄዱ፣ አጥር ውስጥ ያለ እንስሳ አትጠብቁ። መጠለያው ወደ 7 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲንከራተት ውሎ ዱካ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

መላው ቀላል ነው። ጥቂት የምድጃ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥሩ። መጠለያው ውስጥ ወዳለው ኤረር ሸለቆ ከመውረዳችሁ በፊት ቋጠሮውን መታ መታ አድርጉት። ብናኙ ወደ እናንተ ከተመለሰ ቀጥሉ። ወደፊት ከነጎደ ግን ጠረናችሁም አብሮት እየሄደ ነውና ዞራችሁ በሌላ በኩል ውረዱ። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ነፋሱ ስለሚቀያየር በየመሀሉ ደግማችሁ ሞክሩ።

የዝሆን ዓይን እንደ አፍንጫው አይደለም። የሰው ጠረን ከሩቅ ይደርሰዋል። የባቢሌዎቹ ደግሞ በማሳ ምክንያት ከሰው ጋር የተቃቃሩ ናቸው፤ ገና ሲሸታቸው ጥቅጥቁ ውስጥ ይሰወራሉ። ቁልቋል የበዛበትን ቦታ በደንብ አስተውሉ። ከነእሾሁ ነው የሚበሉት! ሽቶ መቀባት ደግሞ ለዚያን ቀን ይቅርባችሁ።

አመዱ ለማየት እንጂ ለመጠጋት አይደለም። ያለ መጠለያው ጠባቂ በእግር አትግቡ። ግልገል የያዘች እናት ካያችሁ ነፋሱ የፈለገውን ያህል ቢመቻችሁም ወደ ኋላ ተመለሱ። ትንንሽ ልጆች ከያዛችሁ ወደ ሸለቆው አትውረዱ፤ ከከፍታ ላይ ሆናችሁ በርቀት ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ተመልከቱ።