ድሬዳዋ ላይ ቤት ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤት ዋጋ እየተነጋገርኩ ነበር። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ሻጩ በሦስተኛው ቀን ደውሎ በተስማማንበት ዋጋ ላይ ስምንት መቶ ሺህ ብር ጨመረ። ደላላው ደግሞ «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝከው ነገ በዚህም አታገኘውም» አለኝ። ያዝኩት። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሠራሁት በዚያው ሳምንት ነው።

አንደኛው ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ መስጠት ነው። ዋጋ በየቀኑ ሲጨምር ሰው የሚፈራው ቤቱ እንዳያመልጠው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን ይሰጣል፣ ማጣራቱን ለነገ ያሳድራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። ሲነበብ ያጽናናል። ነገር ግን እጥፉን ለማግኘት አጥጋቢ ጽሑፍ፣ ምስክርና የወራት ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኔ ሦስት መቶ ሺህ ብር ሰጥቼ የተቀበልኩት ከደብተር የተቀደደ፣ በምስክርነት ደላላው ብቻ የፈረመበት አንድ ገጽ ነበር።

ከቀብድ በፊት ዋናውን ካርታ በዓይን ማየት ይገባል። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ቀጥሎ መሬት አስተዳደር ሄዶ ካርታው ማኅደሩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ በቤቱ ላይ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ዕዳውን ቀለል አድርጎ የሚያይ ብዙ ሰው አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሻጩ ብሩን ይዞ ቢሄድም ዕዳው ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ካርታው ላይ ያለውን አንድ ስም ብቻ ማየት ነው። የእኔ ጉዳይ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀብዱን በሰጠሁ በአራተኛው ቀን ቤቱን ለማስለካት ስንሄድ የሻጩ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ይዛ ነበር፤ ስታለቅስ እንደቆየች ያስታውቃል። «እኔ የልጆቼን ቤት አልሸጥኩም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባልየው መሬት መሬት ያይ ነበር። ካርታው ላይ የእሱ ስም ብቻ ቢሰፍርም ቤቱ የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው፤ መብቱ የእሷም ነበር።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ እዚህ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ማስረጃውን ይጠይቁ፤ አግብቶ ከሆነ ባለቤቱ መጥታ ትፈርም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት ወራሾች ሁሉ፣ ጅቡቲ ያለው ወንድምም ቢሆን በውክልና፣ መፈረም አለባቸው። የእኔን ብር ሻጩ በአምስት ወር ውስጥ በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መለሰልኝ። እስከዚያ ድረስ የሰፈሩ ዋጋ እኔ ከምደርስበት በላይ ሄዷል።

ሦስተኛው በጣም የተለመደው፣ እኔንም ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ። አምስት ሚሊዮን የተከፈለበት ቤት ግብሩና የቴምብር ቀረጡ እንዲቀንስ ተብሎ «በአንድ ሚሊዮን ተሸጠ» ተብሎ ይፈረማል። ሕግ መጣሱ አንድ ነገር ነው። ለገዢው ግን ከዚያም የባሰ አለ። ውሉ በማንኛውም ምክንያት ቢፈርስ ሻጩ «የተቀበልኩት ውሉ ላይ ያለውን ነው» ብሎ ይቆማል፤ ቀሪው አራት ሚሊዮን ምስክር የለውም። ደግሞም ስም የሚያዛውረው ክፍል የራሱን ግምት ስለሚይዝ ተቀነሰ የተባለው ወጪ ብዙ ጊዜ አይቀነስም። ነገ ቤቱን ሲሸጡትም ጣጣው ይመለሳል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሸጦ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ነጻ የሚሆኑባቸው ሁኔታዎች ቢኖሩም ግብሩ የሚመለከተው ሰው መግዣውን አሳንሶ ካጻፈ ያላተረፈው ገንዘብ እንደ ትርፍ ይቆጠርበታል።

ስለ ንብረት ታክስ የሚወራው ወሬ ሌላ ስህተት እያስከተለ ነው። ግማሹ ሰው «የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ግማሹ «ቤታችንን ሊወስዱብን ነው» ብሎ ይደነግጣል። ከሻይ ቤት ወሬ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ስንከፍል የኖርነው የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግብሩን ከንብረቱ ዋጋ ጋር አያይዞታል። ግብሩ የሚሰላው ከግምቱ 25 በመቶ ላይ ነው፤ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ። ስድስት ሚሊዮን ብር የተገመተ ሕንፃን እንውሰድ። የግብሩ መነሻ 1.5 ሚሊዮን ይሆናል፤ በዝቅተኛው ልክ በዓመት 1,500 ብር፣ በከፍተኛው 15,000 ብር ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለጡረተኛ ትልቅ ስለሆነ የከተማው ልክ ሲወሰን መከታተል፣ ግምቱ የተጋነነ ከመሰለ አቤት ማለት ያስፈልጋል። ቤት ሲገዙም የዓመቱን ግብር ከወጪው ጋር ይደምሩት፤ በዋጋ ስሌት ውስጥ ሲያነሳው የሰማሁት ደላላ የለም።

የቤት ዋጋ በብር መጨመሩን ሁሉ ትርፍ አድርጎ መቁጠርም አለ። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ከተማችን ነው፤ ግን ሲሚንቶ ብቻውን ቤት አይሆንም። ብረት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መስተዋትና ቧንቧ በአብዛኛው በዶላር ይመጣሉ። ቤትዎ በሁለት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ቢጨምር የጎረቤትዎም በእጥፍ ጨምሯል፤ ሸጠው ሌላ ለመግዛት ሲወጡ ያው ቦታ ላይ ነዎት። ይህን ሳያስቡ ከዘመድም ከእቁብም ተበድረው ሁለተኛ ቤት የጀመሩና በመሠረቱ ላይ የቆሙ ሰዎች በሰፈሬ አሉ። ብረቱ ዝናብ እየመታው ዝጓል።

ቦታው ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ርካሽነቱ አያታልልዎት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በጋ ላይ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ ሻጮች የሚያሳዩትም በበጋ ነው። የአካባቢውን አዛውንቶች ውኃው የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ይጠይቁ፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ ያሳዩዎታል። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤትስ? አይግዙ።

የመጨረሻው የግብር ደረሰኝ መጣል ነው። ደረሰኝ ካርታን አይተካም፤ ክርክር ሲነሣ ግን ማን ሲከፍል እንደኖረ ያሳያል። ወንድሞቼና የአጎታችን ልጆች በአያታችን ቤት ይዞታ ሲጨቃጨቁ ነገሩን ያበረደው አባቴ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጣቸው ደረሰኞች ናቸው። ቀለማቸው የደበዘዘ ነው፤ አንዳንዶቹ በመዳፍ ላይ ሲያስቀምጧቸው ይፈረፈራሉ፤ የከፋዩ ስም ግን በሁሉም ላይ ይነበባል። ቆርቆሮው አሁን እኔ ጋ ነው፤ የዘንድሮውን ባለፈው ማክሰኞ ጨመርኩበት።