የእሳት ኳስ በእጅ፦ ቤት ውስጥ ሰው የሚቃጠልባቸው ስህተቶች

የ14 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አንድ ወጣት የሚነድ የጨርቅ ኳስ ከመዳፍ ወደ መዳፍ ሲያቀባብል ስልኩ ላይ አሳየኝና «አጎቴ፣ እኛም እንሞክረው» አለኝ። አልፈቀድኩለትም። «አይሆንም» ብዬ ብተወው ግን ተደብቆ ይሞክረዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሰው የሚሳሳተው የት የት ላይ እንደሆነ አየን።

የመጀመሪያው ስህተት «እጁን አላቃጠለውም፤ እሳቱ አይፋጅም» ብሎ ማመን ነው። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣና ጨርቁ የተነከረበት የሚነድ ፈሳሽ ሲተን ጨርቁን ስለሚያቀዘቅዘው መዳፍ ለጥቂት ሰከንድ ይተርፋል። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ጨርቁ ራሱ መንደድ ይጀምራል። ቆዳ 60 ዲግሪ የሞቀ ነገር ለ5 ሰከንድ ያህል ከነካው ጠልቆ ይቃጠላል፤ በ70 ዲግሪ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ቪዲዮው ደግሞ የሚቋረጠው እሳቱ እጅን መፋጀት ሳይጀምር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ቤት የተገኘውን ፈሳሽ ማንሳት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። «ሳኒታይዘር ይሻላል» የሚሉም አሉ፤ አልኮል ግን ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው፤ የአዲስ አበባ ቀትር ከዚያ ይሞቃል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ ማዶ ያለውን የከሰል ምድጃ ያገኘዋል።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሳቱ ጠፋ ብሎ ከጠርሙስ መጨመር ነው። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ያልጠፋ እሳት ላይ ሲንቆረቆር ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ይገባና የሚነደው ፈሳሽ ፊት ለፊት ባለ ሰው ላይ ይወረወራል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የያዘው ሳይሆን ቆሞ የሚያየው ነው።

ልብስም አለ፦ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ የነጠላ ጫፍ በአንዴ ይያያዛል። ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል።

ከተቃጠሉ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በየቤታችን የለመድነው ነው፦ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ። እነዚህ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍናሉ፣ ቁስሉን ያመረቅዛሉ፣ ሐኪሙም እስኪያጥባቸው ድረስ የቃጠሎውን ጥልቀት ማየት አይችልም። የሚያስፈልገው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ። ውሃ ጠፍቶ ቧንቧው ደረቅ ከሆነ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። በረዶ አይደረግም። ቀለበትና አምባር እጁ ሳያብጥ ይውለቅ፤ የተጣበቀ ልብስ አይጎተት፣ ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የእጅና የፊት ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ለሐኪም መታየት አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።