ሜሪላንድ ውስጥ ከሥራ ሲቀነሱ አንኢምፕሎይመንት እንዴት ይሞላል?

ከሥራ የተቀነሰ ወገናችን ብዙ ጊዜ «ሌላ ሥራ እስካገኝ ልቻለው» ብሎ ይቀመጣል። የመንግሥት እጅ ማየት መስሎት የሚያፍርም አለ። አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው ስቴቱ በየሳምንቱ የሚከፍለው የመድን ገንዘብ፣ ልመና አይደለም፤ ለዚህ መድን አሠሪዎ በእርስዎ ስም ግብር ሲከፍልበት ቆይቷል። ኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለውም አይስጋ፣ ክፍያው እንደ «ፐብሊክ ቻርጅ» (በመንግሥት እርዳታ ላይ ጥገኛ መሆን) አይታይም። የሥራ ፈቃድ ግን የግድ ያስፈልጋል።

1. የትኛው ስቴት እንደሚከፍልዎ ይለዩ። ወሳኙ የሠሩበት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ቨርጂኒያ ባለው ሬገን ኤርፖርት ይሠሩ ከነበረ የሚያመለክቱት ለቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድ ከሠሩ ቢከን በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ይሞላሉ። ሲደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ አይከፈልበትም።

2. ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ ግሪን ካርድ ወይም ዎርክ ፐርሚትዎን፣ ባለፉት 18 ወራት የሠሩባቸውን ድርጅቶች ስም፣ አድራሻና የገቡ የወጡበትን ቀን ያዘጋጁ። በ1099 ብቻ፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግል ተቋራጭነት፣ የሚሠሩ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች በአብዛኛው አይሸፈኑም። በኮቪድ ጊዜ ያገኙት በልዩ ፕሮግራም ነበር፤ እሱም በ2021 ተዘግቷል።

3. ሥራ ባቆሙበት ሳምንት ይሙሉ። ማመልከቻው የሚጸናው ከሞሉበት ሳምንት እሑድ ጀምሮ ስለሆነ መዘግየት ገንዘብ ያስቀራል። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ ይጠንቀቁ፦ «ሥራ ስለሌለ አትምጣ» ተብለው ከሆነ የተቀነሱት እርስዎ ነዎት፤ በይሉኝታ «ለቀቅሁ» የሚለውን አይምረጡ።

ክፍያው በሳምንት ከ50 እስከ 430 ዶላር፣ ቢበዛ ለ26 ሳምንታት ነው። የፌዴራል ታክስ አለበት፤ 10 በመቶው ከወዲሁ እንዲቆረጥ ማድረግ ይችላሉ፣ እኔም ይህን እመክራለሁ።

4. በየሳምንቱ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ማመልከት አይበቃም፤ ውሳኔ ባይመጣም እንኳ እያንዳንዱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ገብተው ጥያቄዎቹን መመለስ አለብዎት። በዚያ ሳምንት ጥቂትም ቢሆን ከሠሩ ታክስ ሳይቆረጥ ያለውን ደመወዝ ይጻፉ፤ የሚጻፈውም ቼኩ በደረሰበት ሳይሆን በሠሩበት ሳምንት ነው። ሐሙስና ዓርብ ፓርኪንግ ቤት ከሠሩ፣ ክፍያው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመጣም የዚያው ሳምንት ገቢ ነው። ስቴቱ ከአሠሪው መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነት ከተገኘ ያስመልሳል፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ ቅጣት አለው። ሥራ መፈለግዎንም ይመዝግቡ፦ ቀን፣ ድርጅት፣ የሥራ መደብ፣ ውጤት፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት እንቅስቃሴ ይጠበቃል። ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ከሄዱ ለሥራ ዝግጁ አይደሉምና እዚያ ሆነው አይሙሉ።

5. ከተከለከሉ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት እንጂ እርስዎ ከከፈቱበት አይደለም፤ ስለዚህ ፖስታ ሳጥንዎንም ኢሜይልዎንም ይከታተሉ። ችሎቱ ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። አስተርጓሚ አስቀድመው ያስይዙ፣ አለቃዎ የላከልዎን የስልክ መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ። እስከዚያም የየሳምንቱን ማረጋገጫ አያቋርጡ፤ ይግባኙን ቢያሸንፉ የሚከፈልዎት ላረጋገጧቸው ሳምንታት ብቻ ነው።