የጥንት ደብር ታሪክ አጻጻፍ፦ አፈ ታሪኩን ሳይጥሉ፣ ዘመኑን ሳያደባልቁ

በሰሜን ሸዋ ለንግሥ በዓል የሚታደለውን «የደብሩ አጭር ታሪክ» ያላነበበ ጥቂት ነው። አብዛኛው ከአንድ ቅጂ የተገለበጠ ይመስላል፦ ታቦቱ ከአክሱም መጣ፣ ዮዲት አቃጠለችው፣ ግራኝ አፈረሰው፣ ምኒልክ አሠሩት። እያንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዮዲትና በግራኝ መካከል ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የሚለያያቸው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ናት። ሰበካ ጉባኤው «እስቲ ታሪካችንን አዘጋጁልን» ካላችሁ ሥራው የሚጀምረው እሷን ነጠላ ሰረዝ ከመፈተሽ ነው።

አስቀድማችሁ ሦስት ዕድሜ ለዩ፤ የቦታውን፣ የታቦቱንና የሕንፃውን። ስሕተቱ ሁሉ የሚመጣው ሦስቱን አንድ ከማድረግ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ታሪክ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይጀምራል፤ ዛሬ የምንሳለመው ሕንፃ ግን የምኒልክ ሥራ ነው። ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ አሁን የቆመው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ስለዚህ «ይህ ቤተ ክርስቲያን ሰባት መቶ ዓመቱ ነው» ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ተናገሩ። የስም ነገርም ያሳስታል። በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ድልድይ አገር ሁሉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ያሠሩት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ራስ ዳርጌ ናቸው።

ወደ ደብሩ ስትሄዱ ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ያዙ፤ መጀመሪያ አለቃውን፣ ቀጥሎ ቄሰ ገበዙን አነጋግሩ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ታቦት አትጠይቁ፤ የዕቃ ቤቱ በር ከዚያ በኋላ አይከፈትላችሁም። መጠየቅ ያለባችሁ አራቱን ወንጌል ነው፤ የደብሩ መዝገብ ያለው እዚያ ነውና።

የደቡብ ሕንድ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችም እንደኛ የየቦታቸው አፈ ታሪክ አላቸው። በታንጃቩር የሚገኘው ታላቁ የሺቫ ቤተ መቅደስ «የማማው ጥላ መሬት አይነካም» ይባልለታል፤ ይነካል። ቀዳማዊ ራጃራጃ የሚባለው የቾላ ንጉሥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1010 አካባቢ እንዳስጨረሰው፣ ማን ምን እንደ ሰጠም የሚታወቀው ግን በራሱ ግድግዳ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ነው። በሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አትጠብቁ። የኛው መዝገብ በወንጌሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች፣ አንዳንዴም በኅዳጉ ላይ ነው፤ የጉልት (ለደብሩ የተሰጠ መሬት) ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የአለቆችና የገዢዎች ስም እዚያ ይሰፍራል።

ብራናውን ጠረጴዛ ላይ አትዘርጉት። ከግራና ከቀኝ የታጠፈ ጋቢ ደግፉበትና እስከ ቀጥተኛ ማዕዘን ያህል ብቻ ክፈቱት፤ በኃይል ከተዘረጋ ስፌቱ ይበጠሳል። እጃችሁ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ያለ ፍላሽ መጀመሪያ ሙሉውን ገጽ፣ ቀጥሎ ጽሑፉን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ፤ ቅጠሉ ከመጀመሪያው ስንተኛ እንደሆነም ጻፉ። የደበዘዘ ፊደል ለማንበብ ምራቅ ወይም ውኃ የሚያስነኩ አሉ፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ ይታጠባል፣ ያኔ ጽሑፉ ሄደ ማለት ነው። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» የሚለው ግዝት ያለበትን ገጽ በደንብ እዩ፤ የሰረቀውንም የፋቀውንም ያወግዛል። መፋቅ ያጋጥም ስለነበር ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ የስልኩን መብራት ከጎን፣ ከብራናው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ስታበሩ የተፋቀው ቦታ ሸካራ ሆኖ ይታያል፤ በላዩ ሌላ እጅ የጻፈው ስም ካለ መጽሐፉ ባለቤት ቀይሯል። በኋላ የተጻፈውን ስም ይዞ «ያሠራው እርሱ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ወደ ዛሬው ዓ.ም. ለመመለስ «በዓመተ ዓለም» (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ) ካለ 5500 ቀንሱ። «በዓመተ ሰማዕታት» (ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጀምሮ) ካለ 276 ደምሩ። «በዓመተ ምሕረት» ብሎ ከ532 የማይበልጥ ቁጥር ካስቀመጠ ደግሞ እንደ ዛሬው አታንብቡት፤ ቀድሞ በ532 ዓመት ዙር ይቆጠር ነበር። ከ1341 እስከ 1872 ዓ.ም. ላለው ዙር 1340 ይደመራል፤ ጽሑፉ ከዚያ ቀድሞ ለነበረው ዙር ከሆነ 808። የትኛው ዙር እንደሆነ የሚወስነው አብሮ የተጠቀሰው ንጉሥ ነው። መፈተሻ እንዲሆናችሁ፦ ዓመተ ዓለም 6948፣ ሰማዕታት 1172፣ ምሕረት 108 ሦስቱም 1448 ዓ.ም. ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው «በ108 ዓ.ም. የተጻፈ ወንጌል» ብሎ ያውጃል።

ሽማግሌዎችን ለየብቻ አነጋግሩ። በአንድ ላይ ከተቀመጡ የታላቁ ቃል የሁሉም ቃል ይሆናል። ከእያንዳንዱ ታሪክ በኋላ «አባቴ፣ ይህን የነገረዎት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አያቴ» ከሆነና «ከወንጌሉ ተነቦ ሰማሁ» ከሆነ ክብደቱ አንድ አይደለም። እማሆዮችን አትዝለሉ፤ ስለ ጠበሉና ስለ ስለቱ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የካቲት 1967 መሬት በአዋጅ የመንግሥት እስኪሆን ድረስ ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት ተወላጅነትን በመቁጠር ነበር። ስለዚህ «ደብሩን የተከለው የኛ አያት ነው» የሚለው ወሬ የእርሻ መሬት ክርክርም ነበር። ሁለት ቤተሰብ ሁለት ተካይ ቢነግሯችሁ አንዱን ውሸታም አታድርጉ፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ወገን መዝግቡ።

አፈ ታሪክን እንዴት እንደሚመረምሩት ከደብረ ብርሃን ብርሃን የተሻለ ምሳሌ የለም። በአፍ የሚነገረው «ከሰማይ ብርሃን ወረደ፣ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን ሠራ» የሚለው ነው። የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ግን ከዚያ በፊት ያለውን ይጨምራል፦ የደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ወገኖች የካቲት 2 በድንጋይ ተወገሩ፤ ብርሃኑ የታየው በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10 ነው። ንጉሡ ፍርዱን እግዚአብሔር እንደ ወደደለት ምልክት ቆጠረው። የበዓል ወረቀት ይህን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ታሪክ ጸሐፊ ግን አይችልም። ቀኑን ቁጠሩት፤ ከየካቲት 2 እስከ መጋቢት 10 በትክክል 38 ነው። መጋቢት 10 የመስቀል በዓል መሆኑንም ጎን ለጎን ጻፉ። ብርሃኑ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ይሆናል የሚሉ አሉ። ኮከቡ ወደ ፀሐይ እጅግ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 9 ቀን 1456፣ በኛ በሰኔ አጋማሽ 1448 ነው። ከመጋቢት 10 ሦስት ወር ይርቃል፤ እንግዲህ ዜና መዋዕሉ ቀኑን ካልሳተ በቀር አይገጥምም። «ሳይንስ አረጋገጠው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጽሑፋችሁ ይውጣ።

ለ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጨማሪ ምስክር አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ክራፕፍና ሃሪስ ያሉ አውሮፓውያን አንኮበር ተቀምጠው ያዩትን ጽፈዋል፤ የአካባቢያችሁን ስም በመጽሐፎቻቸው ፈልጉ። ንቀታቸውን ተዉት፣ ቀናቸውን ውሰዱ።

ስትጽፉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከምንጩ ጋር አስሩት፤ «ካህናቱ እንደሚሉት»፣ «በወንጌሉ ሦስተኛ ቅጠል እንደሰፈረ»፣ «ዛሬ ከሕንፃው በስተ ምሥራቅ የሚታየው መሠረት»። ተአምሩን ለብቻው አስቀምጡት እንጂ አታስተባብሉት፤ ምእመኑ ወረቀቱን የሚወስደው ለእርሱ ብሎ ነው። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለአለቃውና ለመሪጌታው አንብቡላቸው፤ የግእዙን ስሕተት የሚያወጡላችሁ እነሱ ናቸው።

የዕቃ ቤቱን አቀማመጥ፣ የብራናዎቹን ብዛት፣ የብርና የወርቅ መስቀሎችን ፎቶ በሚታደለው ወረቀት አታውጡ፤ ሌባም ያነባል። ሙሉው ዝርዝር ከፎቶው ጋር በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ በደብሩ፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ።